ሠላሳ ሰባተኛዋ ጠጠር

አምስተኛ ክፍል ሳለን የሒሳብ መምህራችን እያንዳንዳችን ሠላሳ ስድስት ጠጠር ለቅመን እንድንመጣ አዘዙን። የክፍላችን ወለል አፈር ስለነበር ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን መሬት ላይ ተቀመጥን። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ጠጠሮቹን በረድፍ ደርድሩ፤ ረድፎቹ እኩል ይሁኑ፤ አንዲትም ጠጠር እንዳትተርፍ። ሁለት ረድፍ በአሥራ ስምንት ሠራን፤ ሦስት በአሥራ ሁለት ሠራን፤ አራት በዘጠኝ ሠራን። ስድስት በስድስት ስንደረድር ከየትኛውም ጎን ቢያዩት እኩል ሆነና አንዳንዶቻችን አጨበጨብን። መምህሩ ሰሌዳው ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18፣ 36 ብለው ጻፉ። «የሠላሳ ስድስት አካፋዮች እነዚህ ናቸው» አሉን። ከዚያ አንዳንድ ጠጠር ጨምረን እንድንመለስ ወደ ደጅ ላኩን።

የዚያን ቀን ድንጋጤዬ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። በሁለት ረድፍ ብሞክር አንዲት ጠጠር ትተርፋለች። በሦስት ብሞክርም አንዲት ትተርፋለች። በአራት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ ሁሉም ጋ ያችው አንዲት። በአምስት ስሞክር ጭራሽ ሁለት ተረፉ። በመጨረሻ የቀረኝ ምርጫ ሁሉንም በአንድ ረድፍ መደርደር ብቻ ሆነ፤ ከሰሌዳው ሥር ተነሥቶ ወደ በሩ የሚሄድ ቀጭን የጠጠር መስመር። የጨመርኩት አንዲት ጠጠር ነው፤ ከዘጠኙ አካፋዮች ግን አብሮኝ የቀረው 1 ብቻ ነበር። አዲስ የመጣውም 37 ራሱ ነው። አንዲት ጠጠር ያን ሁሉ ሥርዓት እንዴት በተነችው?

ሒሳብን በአማርኛ የተማረ ሰው ሳያውቀው አንድ ስጦታ ተቀብሏል ብዬ አምናለሁ። ለማካፈል ስሌት የተመረጡት ቃላት የማዕድና የርስት ቃላት ናቸው፦ ተካፋይ፣ አካፋይ፣ ድርሻ፣ ቀሪ። በዓል ሲደርስ ጎረቤት ተሰባስቦ ቅርጫ ሲገባ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሥጋው በመደብ ይደለደላል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ ቢላዋው ላይ ነው። ቅርጫ የሚደለድል ሰው አንዱ መደብ ከበለጠበት ቆርጦ ወደ ሌላው ይጨምራል። ሙሉ ቁጥር ቢላዋ አይቀበልም። ጠጠር ለሁለት አይሰነጠቅምና የሚካፈሉት ሰዎች ብዛት ከጠጠሮቹ ብዛት ጋር አስቀድሞ የተስማማ መሆን አለበት። 36 ከ9 ጋር ይስማማል፤ ከ10 ጋር አይስማማም። ይህን ስምምነት የተዋዋለው ማንም የለም፤ ሽማግሌ ቢሰበሰብ አይለውጠውም፤ ንጉሥ ቢያውጅም አይሽረውም። አካፋይ መፈለግ ማለት ማንም ያልተዋዋለውን ይህን ውል ማንበብ ነው።

መምህሬ ቀሪ የሌለውን እንድንፈልግ ሲያዙን፣ ቤት ውስጥ ያሉት አያቴ የሚፈልጉት ግን ቀሪውን ነበር።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ። ጳጉሜን በገባ ቁጥር የመጪውን ዓመት ባሕረ ሐሳብ ያወጣሉ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩና ዓመተ ዓለሙን ያገኛሉ። ያንን በ4 ይገድፉታል፣ ማለትም አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይይዛሉ፤ 1 ቢተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ነው፤ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። መልሰው በ19 ይገድፉና ከተረፈው አንድ ቀንሰው ወንበሩን ያወጣሉ። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይሆናል። ነነዌ የሚገባበት፣ ሁዳዴ የሚያዝበት፣ ፋሲካ የሚውልበት ቀን ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። እኔ በትምህርት ቤት ልማዴ «ስንት ጊዜ ደረሰው?» ብዬ እጠይቃለሁ። እሳቸው ቀና ሳይሉ «እሱን ተወው ልጄ፤ የተረፈውን ንገረኝ» ይላሉ።

ይህ ለልጅ አእምሮ ከባድ ነበር። በክፍል ውስጥ ቀሪ ሲወጣብን የተሸነፍን ያህል እናፍር ነበር። አያቴ ዘንድ ድርሻው ይጣላል፤ ዓመቱን ሙሉ የምንጾመውና የምንፈስከው በቀሪው ነው። ሁለቱ ሰዎች የሚሠሩት አንድ ዓይነት ማካፈል መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የሚለያዩት በሚሰሙት ነው፤ አንዱ ቁጥሩ እሺ ሲል ይሰማሉ፣ ሌላው ቁጥሩ እምቢ ሲል ምን ብሎ እምቢ እንዳለ ያዳምጣሉ።

መጽሐፈ ሄኖክንና መጽሐፈ ኩፋሌን ሳነብ ያቺን ሠላሳ ሰባተኛ ጠጠር ድጋሚ አገኘኋት። ሁለቱም መጻሕፍት ሙሉ ሆነው የተረፉት በግእዝ ነው፤ ሁለቱም ዓመቱን 364 ቀን ያደርጉታል። 364 ማለት 4 ጊዜ 7 ጊዜ 13 ነው። ሰባት ያለ ቀሪ ይካፈለዋል፤ ዓመቱ ልክ 52 ሳምንት ይሆናል፤ አራቱ ወቅቶች እያንዳንዳቸው 91 ቀን፣ ማለትም 13 ሳምንት ይደርሳቸዋል። በዚያ አቆጣጠር ረቡዕ የዋለ በዓል ለዘለዓለም ረቡዕ ይውላል። ከዚህ ይበልጥ የተስተካከለ ማዕድ አላውቅም። ፀሐይ ግን በዚህ ማዕድ አልተቀመጠችም፤ ለዑደቷ 365 ቀንና ሩብ ያህል ትፈልጋለች። በ364 ላይ አንድ ቀን ጨምሩ፤ 365 ሆነ፤ 5 ጊዜ 73። ሰባት የለም፣ አራት የለም፣ አሥራ ሦስት የለም። የነበሩት ሁሉ ተነሥተው ሄዱ። እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ጊዜ ደግሞ ሁለት ቀን እየገፋ የሚሄደው በዚህች በተጨመረችው ቀን የተነሣ ነው። የሄኖክን ዓመት ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። እንከን የሌለበት ክፍፍል ነው፤ ሰማዩ ግን አልተቀበለውም።

የእስክንድርያ ሊቃውንት ከዚህች ቀሪ አልሸሹም። ትውፊታችን ባሕረ ሐሳብን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ሥራው እንዲህ ነው፦ አራት ዓመት 1461 ቀን ነው፤ በ7 ሲገደፍ 5 ይተርፋል። ስለዚህ አንድ ቀን በዚያው ወንጌላዊ ዘመን በዚያው የሳምንት ዕለት ላይ እንዲመለስ አራቱ ዓመት ሰባት ጊዜ መዞር አለበት፤ 28 ዓመት፣ ዐውደ ፀሐይ። ጨረቃ በበኩሏ በ19 ዓመት ወደ ጀመረችበት ትመለሳለች፤ ይህ ዐውደ አበቅቴ ነው። ፀሐይም ጨረቃም ዕለቱም እንደ መጀመሪያው ሆነው የሚገናኙት መቼ ነው? ከ532 ዓመት በኋላ። ዐውደ ዐቢይ ቀመር ይባላል።

ልጅ ሳለሁ ይህ ቁጥር ለምን እንዲህ እንደረዘመ ይገርመኝ ነበር። አሁን ሳስበው መልሱ በዘር ቆጠራ ውስጥ ነው። 28ን ብትበትኑት 2፣ 2 እና 7 ታገኛላችሁ። 19 ከራሱ በቀር የሚበተንበት የለውም። ሁለቱ የሚጋሩት አያት የላቸውም። በ28 ፋንታ 21 እና በ19 ፋንታ 28 ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱም ከ7 የተወለዱ ናቸውና በ84 ዓመት ይገናኙ ነበር፤ ቶሎ ይገናኛሉ፣ ግን መቼም ሳይገናኙ የሚቀሩ የቀሪ ጥንዶች ይኖራሉ። 28 እና 19 ግን ባዕዳን ስለሆኑ ዙራቸው ምንም አያስቀርም። በአገራችን ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲያስቡ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠራል፤ የሚጋሩት አያት ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ሊቃውንቱ የፀሐይንና የጨረቃን ዘር እስከ መጨረሻው ቤት ቢቆጥሩ ዝምድና አላገኙም፤ ጋብቻው ተፈቀደ። ከዚህ ጋብቻ የተወለዱት 532 ዓመታት አንዱም ሌላውን አይመስልም። «በ28 ሲገደፍ ይህን ያህል፣ በ19 ሲገደፍ ይህን ያህል ይተርፋል» ብላችሁ ብትነግሩኝ ከ532ቱ ውስጥ የትኛው ዓመት እንደሆነ አንድ ብቻ እነግራችኋለሁ። ቀሪዎቹ አድራሻ ሆኑ ማለት ነው። አሥራ አራተኛው ዐቢይ ቀመር በ1948 ዓ.ም. ሲፈጸም አያቴ ጎልማሳ ነበሩ፤ እኛ አሥራ አምስተኛው ውስጥ ነን፤ እሱም በ2480 ዓ.ም. ይፈጸማል።

አንድ ቁጥር በሁለት መንገድ ይታወቃል ብዬ የማስበው ከዚህ ተነሥቼ ነው። አንደኛው ያለ ቀሪ በሚካፈሉት ነው፤ ይህ ዘሩ ነው። ሁለተኛው ለባዕዳን በሚያስቀረው ነው፤ ይህ አድራሻው ነው። አድራሻ ማግኘት ቀላል ነው፤ አንድ ጊዜ ማካፈል ይበቃል። ዘር ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት የጠጠሯን ዕዳ ልክፈል። 36 እና 37 ምንም የማይጋሩት በአጋጣሚ አይደለም፤ ማንኛውም ቁጥርና ቀጣዩ ከ1 በቀር የሚጋሩት አካፋይ የላቸውም። ምክንያቱ የእርምጃ ጉዳይ ነው። ሁለት የሚከፍላቸው ቁጥሮች በሁለት በሁለት እርምጃ ይራራቃሉ፤ ሰባት የሚከፍላቸው በሰባት በሰባት። አንድ እርምጃ ብቻ የተራራቁትን ሁለቱንም የሚረግጥ ከ1 በቀር የለም። በቁጥር ሰፈር ደጅ ለደጅ የሚኖሩ ሁሉ ባዕዳን ናቸው። ግሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ይህን ጉርብትና ይዞ ትልቅ ነገር አረጋገጠ። ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸውን፣ ብቸኛ የምንላቸውን ቁጥሮች የፈለጋችሁትን ያህል ሰብስባችሁ አባዟቸው፤ በውጤቱ ላይ አንድ ጨምሩ። አዲሱን ቁጥር ከሰበሰባችኋቸው አንዳቸውም አይከፍሉትም፤ ሁሉም ጋ አንድ ይተርፋል። ግን አንድ ብቸኛ ቁጥር ሊከፍለው ግድ ነው፤ ስለዚህ ከዝርዝራችሁ ውጪ ሌላ አለ። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13ን አባዝታችሁ አንድ ብትጨምሩ 30,031 ይሆናል፤ 59 ጊዜ 509 ነው፤ ሁለቱም ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። ብቸኞቹ አያልቁም። የክፍላችንን ሥርዓት ያፈረሰችው ጠጠር ይህን ማለቂያ የሌለው ነገር የምትወልድ ናት።

ሌላም ነገር አለ። 36ን በ4 እና በ9 ጀምራችሁ ብትበትኑት፣ ወይም በ6 እና በ6፣ ወይም በ2 እና በ18፣ መጨረሻ ላይ የሚቀሩት እነዚያው ናቸው፦ 2፣ 2፣ 3፣ 3። በየትኛውም በር ብትገቡ አንድ ጓዳ ትደርሳላችሁ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን በግልጽ አረጋግጦታል። ማንም ቁጥር ሁለት ዓይነት የትውልድ ሐረግ የለውም። የሰው ልጅ ታሪክ በተጻፈበት እጅ ይለያያል፤ ርስት በምስክር ይወሰዳል። የ36ን ዘር ግን በሐሰት ምስክር መለወጥ አይቻልም፤ ይህ ሲጨነቅ ለኖረው አእምሮዬ ዕረፍት ነው።

የጥንት ሰዎች በብዙ የሚካፈል ቁጥር ይወዱ ነበር። ፕላቶ በሕግጋት መጽሐፉ ለሚመሠርታት ከተማ 5040 ባለ ርስት ቤተሰብ ወሰነላት። ምክንያቱን ሲገልጽ 5040 ከራሱ ሌላ 59 አካፋዮች እንዳሉት፣ ከ1 እስከ 10 ያሉት ሁሉ ያለ ቀሪ እንደሚካፈሉት ይቆጥራል፤ ለጦርነትም፣ ለግብርም፣ ለርስትም ሲከፋፈል ማንም አይጎድልበትም። እስከ 12 ካሉት 11 ብቻ እምቢ ይላል፤ ለዚያም መድኃኒት አለው፣ ሁለት ቤት ቢነሣ 5038 ይሆንና በ11 ይካፈላል። የከተማን ፍትሕ ከቁጥር ዘር ላይ ለመመሥረት የሞከረ ሰው ነው። እኔ ይህን የማነበው በአክብሮት ነው፤ ቢያንስ ሕግ አውጪው ከማከፋፈሉ በፊት ቁጥሩን እንዲመረምር ግድ ብሏል።

አሁን ወደ ዘር ፍለጋው። ሁለት ቁጥር ማባዛት ወረቀትና ትዕግሥት ላለው ልጅ የአፍታ ሥራ ነው። ውጤቱን ብቻ ይዞ ሁለቱን መልሶ ማግኘት ግን ዕድሜ ይወስዳል። ዱቄትና ውኃ ማቡካት የማንም ሥራ ነው፤ ከሊጡ ዱቄቱን መልሶ የሚያወጣ ግን የለም። ንጽጽሩ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ሊጥ ዱቄቱን በእርግጥ አጥቶታል፣ ቁጥር ግን ምንም አላጠፋም። 391 ውስጥ 17 እና 23 አሁንም ሙሉ በሙሉ አሉ። አልጠፉም፣ አልተለወጡም፤ አይታዩም ብቻ። በዓይናችን ፊት ሙሉ ለሙሉ የተቀመጠ ነገር እንዴት ይሰወራል? ይህ ጥያቄ ከሒሳብ ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብትና የአመክንዮ ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ልዩነት ለማሳየት አንድ ቁጥር አቀረበ፦ 8,616,460,799። የትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው እንደሰጡት ከእርሱ በቀር ማንም ያውቃል ብሎ እንደማያስብ ጻፈ። ጄቮንስ በ1882 ሞተ፤ ሌሎች ደርሰው አገኟቸው፣ ከእነርሱም አንዱ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በ1903 ነው። 89,681 ጊዜ 96,079።

የሚያሳዝነኝ ጄቮንስ መሸነፉ አይደለም። ፈረንሳዊው ፌርማ ከእርሱ ሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ፣ በ1643 አካባቢ፣ ለእንዲህ ዓይነት ቁጥር የሚሆን መንገድ ገልጾ ነበር። መንገዱ የሚያምር ነው። ቁጥሩን ለመክፈል ከመጣደፍ ይልቅ ትንሽ ጨምረህ ሙሉ ካሬ ለማድረግ ሞክር ይላል። 391 ላይ 9 ብትጨምር 400 ይሆናል፤ 20 ጊዜ 20 ነው፤ የጨመርከው 9 ራሱም 3 ጊዜ 3 ነው። እንግዲያው 20 ሲደመር 3፣ 20 ሲቀነስ 3፤ 23 እና 17። ያጣኸውን በመጨመር ትከፍታለህ። አንድ ምሽት በጄቮንስ ቁጥር ላይ በወረቀት ሞከርኩት። በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚያልፈው የመጀመሪያው ቁጥር 92,825 ነው። ከዚያ አንድ አንድ እየጨመርኩ ሄድኩ፤ 92,880 ላይ ስደርስ ትርፉ 3,199 ጊዜ 3,199 ሆነ። ከ92,880 ላይ 3,199 ደመርኩ፣ ቀነስኩ፤ ሁለቱ ተሰዋሪዎች ወጡ። ሃምሳ ስድስተኛው ሙከራ ነበር። ጄቮንስ ለዘለዓለም ይዘጋል ያለው በር ቁልፉ ከመወለዱ በፊት ተሠርቶ ነበር። የተሰወረው ነገር የተሰወረው ከቁጥሩ ጥልቀት የተነሣ ይሁን፣ ወይስ እኛ ከምንቆምበት ቦታ የተነሣ፣ ከዚያ ምሽት ወዲህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

በዚያው በ1903፣ በጥቅምት ወር፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በኒው ዮርክ በተደረገ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሰሌዳ ፊት ቆመ። ጉዳዩ የቆየ ነበር። መርሴን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1644 ካወጣው ዝርዝር ውስጥ 67 ሁለቶችን አባዝቶ አንድ በመቀነስ የሚገኘው ቁጥር ብቸኛ ነው ብሎ ነበር። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በ1876 ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ። የሉካስ ዘዴ የቀሪ ዘዴ ነው፤ ቁጥሮችን እያሰላ በዚያ ትልቅ ቁጥር ይገድፋል፣ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ምስክርነቱን ይሰጣል። ምስክሩ «አካፋይ አለው» አለ፤ ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ለሃያ ሰባት ዓመት ይህ ቁጥር ወላጅ እንዳለው የሚታወቅ፣ ወላጆቹ ግን የማይታወቁ ሆኖ ኖረ። ኮል ሲተረክ እንደኖረው አንድ ቃል ሳይናገር በአንድ በኩል 67ቱን ሁለቶች አባዝቶ አንድ ቀነሰ፦ 147,573,952,589,676,412,927። በሌላው በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ። ሁለቱ እኩል ሆኑ። ሄዶ ተቀመጠ፤ ጉባኤው አጨበጨበለት። ስንት ጊዜ እንደፈጀበት በኋላ ሲጠየቅ የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎ መለሰ ይባላል።

የእምነት ሰው ሆኜ ያደግሁ ነኝና ይህ ታሪክ ሌላ ነገር ያስታውሰኛል። አንድ ነገር እንዳለ ማወቅና ያንን ነገር ማወቅ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። ሊቃውንት በሃይማኖት ስለዚህ ብዙ ተከራክረዋል። በቁጥር ዓለም ግን ልዩነቱ በዓመት ይለካል፤ ከ1876 እስከ 1903። ሁለተኛው ዕውቀት ሲመጣም ማስረጃው ለሁሉም የተከፈተ ነው፤ ኮል የሦስት ዓመት እሑዶችን የከፈለበትን እውነት ማባዛት የሚችል ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያረጋግጠው ይችላል። የፈለገው ደከመ፤ የተቀበለው አልደከመም። በሕይወቴ ከማውቃቸው እውነቶች መካከል እንዲህ ለመገኘት የከበዱ፣ ከተገኙ በኋላ ግን ለመመርመር የቀለሉ በጣም ጥቂት ናቸው፤ የወደድኳቸውም በዚህ ነው።

የዛሬው ዘመን ፕላቶን ገልብጦታል። ሪቬስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ከዚህ ከማይመለስ ሥራ ላይ ቁልፍ ሠሩ። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮች ይመረጣሉ፣ ይባዛሉ፤ ውጤቱ ለዓለም ይነገራል፣ ሁለቱ ይደበቃሉ። መልእክት የሚልክ ሰው መልእክቱን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ደጋግሞ በራሱ ያባዛዋል፣ በዚያ በታወጀው ቁጥር ይገድፈዋል፤ ቀሪውን ብቻ ይልካል። ቀሪውን ያየ ሁሉ አድራሻ እንጂ ዘር አላየም። መልእክቱን የሚመልሰው ዘሩን የሚያውቅ ነው። አያቴ «የተረፈውን ንገረኝ» ሲሉኝ በነበረበት ድምፅ ዛሬ ኮምፒውተሮች ይነጋገራሉ።

ያን ጊዜ ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ባለ 129 አኃዝ ቁጥር ታትሞ ለሚበትነው 100 ዶላር ሽልማት ተመደበ። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሚሊዮን ዓመታት ያስፈልጋሉ ተብሎ ተገምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ስድስት መቶ ያህል በጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን አስተባብረው በተኑት። አሥራ ሰባት ዓመት ነው የቆየው። በዚያው ዓመት የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር ያኔ ገና ላልተሠራ የኮምፒውተር ዓይነት፣ ኳንተም ለሚባለው፣ ይህን ፍለጋ የሚያቀል ስሌት ነደፈ። ለዚህ የሚበቃ ኮምፒውተር እስኪሠራ ድረስ ቁጥሮቹን እናረዝማለን፤ በሩ መቼም አይከፈትም የሚል ማረጋገጫ ግን የለንም። ተባዝቶ ከተገኘ ቁጥር የማይበተን የለም፤ ያልተበተነ ብቻ ነው ያለው። የከተማችን ጥበቃ ፕላቶ በሚወደው የመካፈል ፈቃደኝነት ላይ መቆሙ ቀርቶ እኛ እስካሁን ባላወቅነው ላይ ቆሟል። ይህ ያስፈራኛል፤ ያስደንቀኛልም። በአለማወቃችን ላይ ቤት ሠርተን እየኖርን ነው።

አያቴ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው። ደብተራቸው እኔ ዘንድ ነው። በየጳጉሜኑ አውጥቼ የመጪውን ዓመት እንደ እሳቸው እገድፋለሁ፤ ከጨረስኩ በኋላ ደግሞ እንደ መምህሬ ዘሩን እፈልጋለሁ። በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን የ2017ን ስጀምር ዓመተ ዓለሙ 7517 ነበር። በ4 ሲገደፍ አንድ ተረፈ፣ ማቴዎስ። በ19 ሲገደፍ 12 ተረፈ፣ ወንበሩ 11፣ አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29። የአያቴ ሥራ እዚህ አለቀ። የመምህሬን ጀመርኩ። በ2 አልሄደም፤ በ3 ሁለት ተረፈ፤ በ5 ሁለት፤ በ7 ስድስት። በ37 ሞከርኩት፣ ለጠጠሮቼ ስል፤ ስድስት ተረፈ። ከ83 የሚቀጥለው ብቸኛ 89 በራሱ ሲባዛ 7517ን ያልፋል፤ አካፋይ ደግሞ ሁልጊዜ ከጓደኛው ጋር ስለሚመጣ ከዚያ በላይ መፈለግ አያስፈልግም። እስከ 83 ድረስ ሃያ ሦስት ጊዜ አካፈልኩት፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ቀሪ ሰጠኝ። መብራቱን ሳጠፋ ሌሊቱ ተጋምሷል።

በዓመቱ 7518 ገና ስነካው በ2 ተከፈተ፣ በ3 ተከፈተ፣ በ7 ተከፈተ። 179 ላይ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ወረቀቱን ስባ አየችና «አባዬ፣ ይሄኛውስ ምን ያህል ተረፈው?» አለችኝ።